ከሐኪም የደበቅሁት ጎራዴ

ቀኝ ክርኔን ታምሜ ድኛለሁ። ሕመሙ ገዳይ አልነበረም፤ ቶሎ ቢታወቅ በሁለት ወር ጥንቃቄ የሚድን ነበር። እኔ ግን ሰባት ወር አስታመምሁት፤ መምህርነቴንም ሊያሳጣኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የዘገየሁት መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ግማሹን እየነገርሁ ግማሹን በመደበቄ ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው፣ በተለይም እንደ እኔ ጠመኔ የሚይዝ ጓደኛ፣ ይህን አንብቦ አንድ ሳምንት ሥቃይ እንኳ ቢቀርለት ደስ ይለኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳለሁ።

ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው። ላሊበላ ውስጥ ቀን ቀን ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ወደ ማታ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ለጎልማሶች ፊደል አስቆጥራለሁ። እናቴ ያለችው ብልባላ ነው። እኔ የምኖረው በአያ ይመር ግቢ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

አያ ይመር ስድሳ አምስትን ያለፉ፣ ቀጭን፣ እንደ ችካል ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ለምልምሎች የጎራዴ አያያዝና አቆራረጥ ያስተምሩ ነበር። ጎራዴያቸውን መሣሪያ በተሰበሰበበት ወቅት ለቀበሌ አስረክበዋል፤ የተሰጣቸውን ደረሰኝ ዳዊታቸው ውስጥ አጥፈው ይዘዋል። የቀራቸው ከወይራ የጠረቡት፣ የጎራዴ ጉብጠትና ስለት ያለው እንጨት ነው። በእሱ ዘወትር ማለዳ ከቤቱ ጀርባ ይለማመዳሉ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት አንድ ደረቅ የማሽላ ቅጠል ከጣሪያው ጠርዝ በክር አንጠልጥለው ነበር። እንጨቱ ይወነጨፍና ቅጠሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቅጠሉን ይነካዋል እንጂ አይቀደውም። ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ ቢመጣ የሚያርፈው ያው በቅጠሉ መካከል ባለችው መስመር ላይ ነው።

“ምን ታያለህ መምህር?” አሉኝ ሳይዞሩ።

“ያስተምሩኛል?”

“ማንን ልትቆርጥ?”

“ማንንም። እንዲያው ወድጄው ነው።”

ሳቁ። “እስከ ዛሬ ያስተማርኳቸው ሁሉ ታዘው የመጡ ናቸው። ወድጄው ነው ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። በል ጋቢህን አውልቅ።”

ጥቅምት ላይ ጀመርን። የጎራዴ አቆራረጥ ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ እጅ ከእግር ቀድሞ ይዘረጋል፤ ትከሻ ግን አይነሣም። ቀጥሎ ስለቱን የሚያዞሩት ጣቶች ናቸው፤ አውራ ጣት በእጀታው ጀርባ ላይ ተጋድሞ ይገፋል፣ ሦስቱ የኋላ ጣቶች ላላ ብለው ይቆዩና ስለቱ ሲደርስ ብቻ ይጨብጣሉ። በመጨረሻም ስለቱ ያረፈበት ላይ ይቆማል፤ አልፎ አይሄድም። በትክክል ከተቆረጠ እንጨት እንኳ አየሩን ሲሰነጥቅ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ስለቱ ከተጋደመ ግን የሚሰማው የወፍ ክንፍ የመሰለ ድምፅ ነው። የእኔ ሁልጊዜ ወፍ ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በእኛ አገር የወንድ ልጅ እጅ መጀመሪያ የሚያውቀው ዱላን ነው። ዱላ በሙሉ ጭብጥ ይያዛል፣ ከትከሻ ይሰነዘራል፣ ያረፈበትን ለማድቀቅ ይመታል። እጄ ጎራዴውን እንደ ዱላ ያዘው። አያ ይመር በየማለዳው “አትምታ! ቁረጥ!” እያሉ ይጮሁብኝ ነበር።

“ልዩነቱ ምንድን ነው አያ?” አልኋቸው አንድ ቀን።

“የመታ ሰው ዱላው የት እንዳረፈ የሚያውቀው ሌላው ሲጮህ ነው። የቆረጠ ሰው ሳያርፍ ያውቃል።”

እኔ ግን ጥፋቴ የጉልበት ማነስ መሰለኝ። ትጉህ ነኝ፤ ትጋቴም ብዙ ጊዜ ከማስተዋሌ ይቀድማል። ለትምህርት ቤቱ አጥር ተብሎ ከመጣው ብረት የተረፈ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ዘንግ አገኘሁ። በየቀኑ ከማታው ትምህርት በፊት በሬን ዘግቼ በዚያ ብረት በቀኝ እጄ መቶ ጊዜ ከቀኝ፣ መቶ ጊዜ ከግራ አየሩን እቆርጥ ጀመር። ቁጥሩን በደብተር እይዝ ነበር። አያ ይመር አያውቁም።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ የውኃ ጣሳ ሳነሣ ከእጄ ወደቀ። ከክርኔ በስተውጭ፣ አጥንቱ ጎበጥ ያለበት ቦታ፣ የጋለ መርፌ የተወጋሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ማዞር፣ ሰው መጨበጥ፣ እርጥብ ልብስ መጭመቅ ሁሉ ያችኑ ቦታ ይወጋኝ ጀመር። ከሁሉ የባሰው ግን ጠመኔ ነው። ክንዴን ወደ ሰሌዳው ከፍ ሳደርግ ጣቶቼ ይከዱኛል። ብረቱን ግን አልተውሁትም።

ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ የአምስት ልጆች እናት ናቸው፤ ምላሳቸው ሹል ነው። “መምህር፣ ይኸ የጻፉት ‘መ’ ነው ወይስ ጠጅ ቤት ያመሸ ሰው?” አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልነበረም።

አያ ይመር በማግስቱ አስተውለውኝ፣ “ክንድህን ምን ሆነሃል? ከልምምዱ እንዳይሆን?” አሉኝ።

“ብርድ ነው አያ” አልሁ። ስለ ብረቱ መናገር አፈርሁ። ሕመሙን በስሙ የሚያውቁትን ሰው የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ከባሕር ዛፍ ሥር ባለች አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተራ ጠበቅሁ። አጠገቤ ልጇን ያዘለች ሴት ተቀምጣለች፤ ባቄላ ቆሎዋን በቀኝ እጄ መቀበል ሲያቅተኝ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቅ ግራ መዳፌን ከፍታ ዘገነችልኝ። ያን ቀን ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደግ ሰው ነው። “ምን ሠርተህበታል? ከባድ ነገር አንሥተሃል?” ብሎ በትክክል ጠየቀኝ።

በሩ ክፍት ነው፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል። ሁለት ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎራዴ ይለማመዳሉ፣ አንደኛውም የድሮው ጦር ሰው ነው የሚለው ወሬ ቀበሌ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በአንድ አፍታ አሰብሁ። ለአያ ይመር ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው ይልቅ ለራሴ ፈራሁ።

“ምንም አልሠራሁም” አልሁ።

ምንም ያልሠራ ክንድ ታመመ ሲባል ድሬሰሩ ምን ያድርግ? ቁርጥማት ነው ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው ሲያልቅ የሚያመኝ ቦታ ሁለት ሆነ፤ ክርኔና መቀመጫዬ።

እናቴ ወሬው ደርሷት ከብልባላ በእግሯ መጣች። “የሰው ዐይን ነው። በዚህ ዕድሜ መምህር መባል ቀላል መሰለህ?” ብላ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻው አጥንት በማስተካከል የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። “ወድቀህ ነው?” ሲሉኝ “ሳይሆን አይቀርም” አልሁ፤ ይህም ሦስተኛው ውሸቴ ነው። ወድቆ ለመጣ ሰው የሚደረገውን አደረጉልኝ፤ ሳቡት፣ አሹት፣ ጠመዘዙት። ለሦስት ቀን መጉረስ አቅቶኝ እናቴ እንደ ሕፃን አጎረሰችኝ።

ከዚያ ጠበል ገባሁ። ሁለት ሳምንት ከእናቴ ጋር ተቀመጥሁ፤ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሕመሙ ተነሥቶ ሄደ ማለት ይቻላል። እናቴ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁና በተመለስሁበት ቀን ያንን ብረት አነሣሁ። ሁለት ሳምንት የባከነውን ላካክስ ብዬ ሁለት መቶውን ሦስት መቶ አደረግሁት! በሦስተኛው ቀን ክንዴ እንደ እንጨት ደረቀ።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ግልጽ ነበር፤ ብረቱ ሲቆም ሕመሙ ቆመ፣ ብረቱ ሲመለስ ሕመሙ ተመለሰ። እኔ ግን ብረቱን ከሰው ስደብቀው ከራሴም ደብቄው ኖሯል።

“ያመንህ መስሎኝ ነበር” አለችኝ እናቴ፣ ክንዴን ልታይ ከብልባላ ተመልሳ መጥታ። “ሳታምን ገብተህ ነው። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው የተጠመቅኸው።” ጥፋቱ የጠበሉ እንዳልሆነ መናገር የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አልተናገርሁም። እሷም ሳትሰናበተኝ አገሯ ገባች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሥራ በኩል ደግሞ በግራ እጄ መጻፍ ጀመርሁ። የቀኖቹ ልጆች ምንም አላሉም። ጎልማሶቹ ግን አጉረመረሙ። “በግራ እጅ የተሰጠ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የሚባረክ?” አሉ እትዬ ዘውዴ። “እኔ ፊደሌን በቀኝ እፈልጋለሁ፤ ካልሆነ እጠብቃለሁ።” ደብተራቸውን ዘግተው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ዳይሬክተራችን አቶ ደሳለኝ ቢሮ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከበላያቸው ሰው አለ። “አውራጃ ጽሕፈት ቤቱ የማይጽፍ መምህር ምን ይሠራል ብሎ ጠይቆኛል። ንብረት ክፍል ሰው ይፈልጋሉ። እስከ ግንቦት ልጠብቅህ እችላለሁ። በግንቦት ክፍልህ ገብቼ አይሃለሁ፤ ካልጻፍህ ዝውውሩን እፈርማለሁ።”

መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ወንበር ስቆጥር ታየኝ። የተማርሁት፣ የምወደው፣ የምችለው ማስተማር ብቻ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ደሴ ሄጄ ልታከም ወሰንሁ።

ጥር መጨረሻ ላይ በእህል ጭነት መኪና ወልድያ ወረድሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ ገባሁ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ክርኔን በግራ እጄ አቅፌ ነበር። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለት ቀን ተራ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪም ዘንድ ገባሁ።

ክንዴን አዘርግተው መዳፌን ወደ ታች አስደረጉኝ። “እጅህን ወደ ላይ አንሣ” አሉና በጣታቸው ከላይ ተጫኑት። ጮኽሁ። የተነካው እጄ ነው፤ ያመመኝ ግን ክርኔ ላይ ነው።

“ምን ትሠራበታለህ?”

“መምህር ነኝ። ጠመኔ ነው የምይዝበት።”

መዳፌን ገለበጡትና ከጣቶቼ ሥር ያሉትን የደደሩ ቦታዎች በአውራ ጣታቸው ደባበሱ። “ጠመኔ እንዲህ አያደድርም። ገበሬ ነህ እንዳልል ሌላው እጅህ ለስላሳ ነው። ይህ የምን ነው?”

ዐይኔ ወደ ክፍቱ በር ሄደ። ተነሥተው በሩን ዘጉ።

“ስማኝ ልጄ። እዚህ የምትናገረው ለክርንህ ነው እንጂ ለቀበሌ አይደለም።”

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አያ ይመርን፣ እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ደብተር ላይ የያዝሁትን ቁጥር። ነግሬ ስጨርስ ሐኪሟ ፈገግ ብለው፣ “ታዲያ አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ነገር ነው ሦስት ወር የተሠቃየኸው?” አሉኝ።

የነገሩኝን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ። እጅን ወደ ላይ የሚያነሡት የክንድ ጡንቻዎች በጅማት ተሰብስበው በክርን የውጭ ጉብታ ላይ ይታሰራሉ። ብዙ በሬ በአንድ ችካል እንደማሰር ነው። ችካሉ፣ ማለትም አጥንቱ፣ ደኅና ነው፤ ገመዱ ግን በብዛት ከመጎተት የተነሣ በትንሽ በትንሹ ተልጧል። ከባድ ብረት በሙሉ ጭብጥ ይዞ አየር ላይ በድንገት ማቆም ገመዱን በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ መንጨት ነው። መርፌ ብቻውን አያድነውም፤ ማሸት ያባብሰዋል፤ ዕረፍት ያስታግሰዋል፤ ጨርሶ የሚያድነው ግን ቀስ ብሎ ማለማመድ ነው።

ትእዛዙ ይህ ነበር፦ ስድስት ሳምንት ምንም ነገር አለማንሣት። ከዚያ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ፣ እንደ ቀለም ብልቃጥ ያለ ቀላል ነገር ይዞ እጅን በዝግታ ዝቅ ማድረግ፤ ከፍ ሲደረግ ግን በግራ እጅ መርዳት። “ሳያምህ አቁም” አሉኝ። “ካመመህ በኋላ ማቆም ለማንም አይጠቅምም። የሽማግሌውን ትምህርት ግን አትተው። ብረቱን ጣልና ሰውየውን ስማ።”

ላሊበላ እንደ ተመለስሁ ብረቱን አያ ይመር ፊት አስቀመጥሁት። አንሥተው መዘኑት።

“በቀን ስንት?”

“ሁለት መቶ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጥቅምት።”

“እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ክንድ አበላሸሁ ብዬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ስግደት ተሰጥቶኛል እኮ! ያንተን ጥፋት እኔ በዚህ ጉልበቴ ስሰግድ ከረምሁ!” አሉና ብረቱን ወረወሩት። ቀጥለው ሳቅ ጀመራቸው፤ ዐይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። “ይህን ሕመም የማያውቅ ፈረሰኛ የለም። የምልምል ክርን ነው የምንለው። ብርድ ነው ያልኸኝ ዕለት እውነቱን ብትነግረኝ ዕለቱን አስጥልህ ነበር።”

በማግስቱ “ከእንግዲህ ድብብቆሽ የለም” ብለው ደረሰኙን ከዳዊታቸው አውጥተው ወደ ቀበሌ ይዘውኝ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ደረሰኙን ገልብጦ አየና፣ “ጎራዴው እኛ ዘንድ ካለ እናንተ ጋ ያለው እንጨት ነው። ለእንጨት ደግሞ መዝገብ የለንም። ጠዋት ጠዋት ‘አትምታ፣ ቁረጥ’ እያላችሁ የምትጮኹትን ግን ቀነስ አድርጉ፤ ጎረቤት ይተኛበት” አለን። የፈራሁት ወሬ ለካ በአጥር ላይ ከተሰማ ሰንብቷል።

ወደ ብልባላም ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት። “ታዲያ ጠበሉ ምን አጠፋ?” አለችኝ። “ምንም። ሊያድነኝ ጀምሮ ነበር፤ ያቋረጥሁት እኔ ነኝ” አልኋት። ማዕዱን አቅርባ በቀኝ እጄ ስበላ ታየኝ ነበር።

ስድስቱ ሳምንታት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከሕመሙ የከበዱ ነበሩ። ከዚያ በብልቃጡ ጀመርሁ። ሚያዝያ ላይ አያ ይመር ክብደት የሌለው ሸምበቆ ሰጡኝ።

“ቤተ ክርስቲያን ስታስቀድስ መሪጌታውን አይተህ ታውቃለህ? ጸናጽል ሲያነሡ ጨብጠው ነው የሚይዙት?”

“አይደለም። ላላ አድርገው ነው።”

“ሌሊቱን ሙሉ ሲመቱ ያድራሉ፤ ክርናቸውን ሲያማቸው ሰምተሃል? ድምፁ የሚመጣው ከጉልበት አይደለም። አንጓቸው ዞር ይልና ይቆማል። ሲቆም ነው የሚጮኸው።”

ይህን ስሰማ እጄ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ። አውራ ጣቴን በሸምበቆው ጀርባ ላይ አጋደምሁ፣ የኋላ ጣቶቼን አላላሁ፣ እጄን ወደ ማሽላው ቅጠል ዘረጋሁና በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ጨበጥሁ። ሸምበቆው አፏጨ። ቅጠሉ ላይ ደርሶ ቆመ። ክርኔ ምንም አላለኝም።

“እሰይ!” አሉ አያ ይመር። “አሥር ብቻ። ከዚያ ሂድና ተቀመጥ።”

ጠመኔውንም እንዲሁ መያዝ ተማርሁ። ለካ እሱንም ቢሆን እንደ ዱላ ነበር የምጨብጠው። በቀን አንድ መስመር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት መስመር በቀኝ እጄ መጻፍ ቻልሁ። እትዬ ዘውዴም ደብተራቸውን ከፈቱ።

ግንቦት ገባ። አንድ ማታ አቶ ደሳለኝ ከአውራጃው የመጣውን የዝውውር ወረቀት ይዘው መጡና ከኋላ ተቀመጡ። ቀኑን ጻፍሁ፤ ከ“ቀ” እስከ “ቆ” ጻፍሁ፤ ከሥሩ ሦስት ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ። መስመሬ ቀጥ ያለ፣ ፊደሌም የሚነበብ ነበር። አምስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ክርኔ ሞቅ አለኝ። ሕመም አይደለም፤ ከሕመም በፊት የሚመጣው ነው። ክፍሉ ሁሉ ያየኛል። የዱሮው እኔ ብሆን ዳይሬክተሩ ፊት ሰሌዳውን ዳር እስከ ዳር ሞልቼ ሌሊቱን አቃስት ነበር። ጠመኔውን አስቀመጥሁ።

“ቀጥል እንጂ” አሉ አቶ ደሳለኝ።

“ለዛሬ ይበቃኛል።”

“አመመህ?”

“አላመመኝም። እንዳያመኝ ነው ያቆምሁት።”

“ግማሹ ሰሌዳ ባዶ ነው እኮ መምህር! ይህን ለአውራጃው ምን ብዬ ልጻፍላቸው?”

“ነገም የእነዚህ ሰዎች መምህር እኔ ከሆንሁ፣ ነገ እሞላዋለሁ ብሏል ብለው ይጻፉላቸው።”

“እኛም ይበቃናል፣ ጌታው” አሉ እትዬ ዘውዴ ከፊት ተቀምጠው። “ይኸንኑ መች ቻልነው!”

አቶ ደሳለኝ ወረቀቱን ሳይፈርሙ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ሞላሁት።